በዓም ይማም ፔጆ ቀንቼ

ዓም ይማም መሞታቸውን የሰማሁት ኒው ሀልፋ ተሳፋሪ አውርጄ ጎማ ሳስነፋ ነው። የደወለልኝ አወል ነበር፤ ምላሱ ስለማያርፍ በገዳሪፍ መኪና ተራ «ሬዲዮ» የምንለው ሹፌር።

«ዓም ይማም ሞቱ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርናቸው» አለኝ። «ወላሂ ከድር፣ ሰዉ ከመቃብሩ እስከ አስፋልቱ ነበር። መኪና ማለፊያ አጣ።»

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። ቀናሁ። ሰው በሟች ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እዚያው ጎማው አጠገብ ቆሜ ለእኔ ቀብር ማን ማን እንደሚመጣ አሰብኩ፤ ቁጥሩ ከሚስቴ ወንድሞች ብዙም ፈቅ አላለልኝም። ቀጥሎ የመጣው ስሜት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። እፎይ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዓም ይማምን ክብር የራሴ አስመስዬ ለብሼው ኖሬያለሁ፤ «የእኔ ነው፣ አውልቅ» ሊሉኝ የሚችሉት ሰው አሁን ከአፈር በታች ናቸው። ነገሩን ከእሳቸው ሌላ የሚያውቁት ሚስቴና አማቴ ብቻ ነበሩ፤ ማለቴ፣ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ሱዳኖች በዕድሜ የሚበልጣቸውን ሰው «ዓም» ይላሉ፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ዓም ይማም የመተማ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ለጨርቅ ንግድ ገዳሪፍ መጥተው በሹፌርነት ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሚሄዱ፣ ሲናገሩ ጆሮ የሚያስቀስሩ ዝግ ያሉ ሰው ነበሩ። የሚነዷት መኪና ከእኔ ዕድሜ የምትበልጥ ነጭ ፔጆ አምስት መቶ አራት ናት። ነጭ ያልኩት ለወጉ ነው እንጂ ቀለሟ ከጊዜ ብዛት የአጓት ውሃ መስሏል። ጠዋት ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳስስ ሰው መዳፋቸውን ኮፈኗ ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ ተሳፋሪዎቻቸውን አንድ በአንድ ስም ይጠይቃሉ። ስሙን ያልተናገረ ሰው ይዘው አይንቀሳቀሱም።

«ለፖሊስ ነው እንዴ ዓም ይማም?» እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

«ስሙን የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ ላድርሰው?» ይላሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ኮሮላ ነበረችኝ፤ ከፔጆዋ ብዙ ዓመት የምታንስ፣ ብርማ፣ መስታወቷ ላይ ጭረት የሌለባት። ሁለታችንም ከገዳሪፍ ዶካ፣ ከዶካ ገላባት በሚወስደው መንገድ ነው የምንሠራው። መኪና ተራ ውስጥ ሻይ በያዝን ቁጥር «ፔጆ ወይስ ኮሮላ» የሚለው ክርክር አይቀርም፤ ክርክሩን ሁልጊዜ የምጀምረው ደግሞ እኔ ነኝ።

በጉልበት ካየነው ኮሮላዬ ትበልጣለች፤ ይህን ዓም ይማም ራሳቸው ያምናሉ። ከቆመችበት ስትነሳ ቀልጣፋ ናት። ማርሽ ስትቀይርላት እጅህ ውስጥ ቅቤ ነው። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፤ ፍሬኗም እግር ሲነካው ይይዛል። ፔጆዋ ለመነሳት ታመነታለች። የማርሿ ዘንግ መሪው ሥር ነው፤ ሦስተኛ ለማስገባት ከእጅ ይልቅ ትከሻ ይፈልጋል። ኩርባ ላይ ወደ ጎን ታዘነብላለች፤ ከኋላ የሚያያት ሰው ተገለበጠች ብሎ ይጮኻል። ግን አትገለበጥም። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ሞላዎቿ ጉድጓዱን ይውጡታል እንጂ ለተሳፋሪ አያካፍሉም። የእኔዋ ግን ያገኘችውን ሁሉ ለወገብ ትናገራለች።

አንድ ቀን አወል ከመሃል ገብቶ አወዳደረን። ከዶካ ገዳሪፍ፣ እኩል ሰው ጭነን፣ እኩል ተነሣን። እኔ ገዳሪፍ ደርሼ ሁለት ሻይ ጠጥቼ ሦስተኛውን ሳዝዝ ነው ፔጆዋ ብቅ ያለችው። «ኸላስ! አለቀ!» ብዬ ዘለልኩ። ነገር ግን ከእኔ መኪና የወረዱት ሴትዮ መሬት ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል፤ አንዱ የሰሊጥ ነጋዴ እሞታለሁ ብሎ የጀመረውን ሸሀዳ ገና አልጨረሰም። ዓም ይማም በሩን ቀስ ብለው ከፈቱ። አራቱም ተሳፋሪዎቻቸው ተኝተዋል።

«ሐሊማ፣ ደርሰናል። ሙሳ፣ ደርሰናል» እያሉ በየስማቸው ቀሰቀሷቸው።

በማግስቱ ያ የሰሊጥ ነጋዴ የእኔን መኪና ሲያይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ፔጆዋ አጠገብ ቆመ። «ተራው እኮ የከድር ነው» ሲሉት «እጠብቃለሁ» አለ። እንዲህ ነው ነገሩ። ሰው ሁለት ሦስት መኪና አሳልፎ እሳቸውን ይጠብቃል። ውስጤ ይቃጠል ነበር። ፈጣኑ እኔ፣ አዲሱ የእኔ፣ የሚጠበቁት ግን እሳቸው። ራህማ እንኳ፣ ገና እጮኛዬ ሳለች፣ ወደ እናቷ መንደር የምትሄደው በፔጆዋ ነበር። «ያንተዋ ታቅለሸልሸኛለች» ትለኛለች፣ ለቀልድ እንኳ ሳታለዝበው።

ሰው ሲቀና ዓይኑ ይከፈታል ይላሉ፤ የእኔ ግን ግማሹ ነው የተከፈተው። ዓም ይማም ከሪፍ፣ ማለት ክረምቱ ሲገባ አንድ ጆንያ ማሽላ ፔጆዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አስገብተው በገመድ ያስራሉ። ዝናቡ እስኪያበቃ አይወርድም። በኅዳር ለሰሊጥ አጨዳ ከጎንደር ለሚመጡት ልጆች ይሰጡታል። እኔ እንደ ደግነት ብቻ ነበር የማየው። አንድ ከሪፍ ግን ሌሎቻችን በራሰው ዋልካ ጭቃ ላይ እንደ ሰካራም ስንንሸራተት እሳቸው ቀጥ ብለው ሲያልፉ አየሁና «አሃ፣ ምስጢሩ ጆንያው ነው!» አልኩ።

ሄጄ መጠየቅ ይቻል ነበር። አፌን ከፍቼ «ዓም ይማም፣ ጆንያው ምን ይሠራል?» ብል ሙሉ ቀን ያስረዱኝ ነበር። ግን የምቀናበትን ሰው አስተምረኝ ልለው ነው? ሞቼ ነው! አንድ ጆንያ ማሽላ ፈልጌ ማንም ሳያየኝ ከኮሮላዬ ኋላ ጫንኩ፤ ላዩን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈንኩት።

ራህማ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር። መንደሩ ከዶካ አስፋልት ወጣ ብሎ ጥቁር አፈር መሃል ነው፤ በበጋ የሩብ ሰዓት መንገድ፣ በከሪፍ ግን እንደ አላህ ፈቃድ። ምጥ ያዛት ሲሉኝ ጠዋት በረርኩ። ሌሊቱን የዘነበው ገና እንዳቆመ ነበር፤ እንደምንም እየተንሸራተትኩ ገባሁ። ዳያዋ፣ ማለት አዋላጇ፣ ከጎጆው ወጥታ እጇን እየጠረገች ጠበቀችኝ።

«ልጁ አመጣጡ አላማረኝም። እዚህ አልነካትም። ቶሎ ገዳሪፍ ሆስፒታል አድርሷት» አለች።

ፔጆዋ ዛፉ ሥር ቆማለች። ዓም ይማም አንድ ሽማግሌ ሊያደርሱ ጎሕ ሲቀድ ነበር የመጡት። አማቴ ዓይኔን ሳያዩ «ከድሬ፣ ልጄ፣ በዓም ይማም መኪና ብትሄድስ?» አሉ።

«መኪና የለኝም እንዴ?»

ራህማ በሁለት ሴቶች ተደግፋ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ከድር፣ በፔጆዋ ልሂድ» አለችኝ። «በአላህ።»

ያቺን ቃል ዛሬም ስሰማት ያመኛል። ሚስቴ፣ ልጄን በሆዷ ይዛ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከእኔ የሌላ ሰው መኪና መረጠች። መንደሩ በሙሉ ቆሞ ይሰማል። «ሚስቴን እኔ ነኝ የማደርሳት» አልኩና በሩን ከፈትኩ።

ዓም ይማም ኮሮላዋን ዞር ብለው አዩዋት። አፍንጫዋ ሽቅብ ቀና ብሏል።

«ከድር፣ ከኋላ ምን ጭነሃል?»

«ምንም።»

ትንሽ አዩኝ። «እሺ። ቅደም፤ እኔ ከኋላህ ነኝ» አሉ።

ራህማና አማቴ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ደህና ሄድን። እዚያ መንገዱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል፤ በግራ በኩል ውሃ የሞላ ቦይ አለ። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ። ኮሮላዋ አልሰማችኝም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ የፊት ጎማዎቹ ዞረዋል፣ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ ሄደች። ፍሬን ረገጥኩ። ያ ደግሞ ጨርሶ ገደለኝ። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል፣ በአፍንጫዋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ማንም አልተጎዳም። ራህማ አንድ ጊዜ ጮኸችና የእናቷን እጅ ያዘች።

ዓም ይማም ሱሪያቸውን ጠቅልለው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። «ራህማ፣ ልጄ፣ እጅሽን እዚህ» አሉና እኔና እሳቸው ተሸክመን ወደ ፔጆዋ ወሰድናት። የእሷን ጨርቆች ሊያመጡ ሲሄዱ የኮሮላዬን ኋላ ከፈቱ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉ። ጆንያውን አዩ። መልሰው ሸፈኑትና በሩን ዘጉ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከፊት ከጎናቸው ተቀመጥኩ። እንዴት እንደሚነዱ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ድረስ መኪናዋን እንጂ ሰውየውን አላየሁም ነበር። ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፤ አስፋልት እስክንደርስ አልቀየሩትም። ፍሬን አንድ ጊዜ አልነኩም። «ፍሬን የረገጠ ሹፌር ቀድሞ የተሳሳተ ነው» የሚሏት አባባል ነበረቻቸው፤ እኔ የሽማግሌ ወሬ ትመስለኝ ነበር። መሪውን ጫጩት እንደያዘ ሰው ለስለስ አድርገው ይዘውታል። ፔጆዋ ኋላዋ ሲሸሽ አይታገሏትም፤ ትንሽ ይለቁላታል፣ ስትመለስ ይቀበሏታል። ውሃ የሞላ ጉድጓድ ከመድረሳቸው በፊት «ራህማ፣ አሁን ትንሽ ትነቀንቀናለች» ይሏታል። እሷም «እሺ አባቴ» ትላለች። ለእኔ ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ደረስን። ሂክማ ቀትር ሳይሆን ተወለደች፤ እናትም ልጅም ደህና። ዓም ይማም ሆስፒታሉ በር ላይ እግራቸውን በጀሪካን ውሃ እየታጠቡ ጠበቁኝ። «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» አሉ። «ስሟን ማን ልትላት ነው?»

«ሂክማ።»

«ሂክማ ከድር» ብለው ደገሙት፤ እንደ ተሳፋሪ ስም። ከዚያ ሄዱ።

በማግስቱ ትራክተር ከቦዩ አውጥቶ ዶካ ያቆማትን ኮሮላዬን አምጥቼ፣ አጥቤ፣ መኪና ተራ ስገባ ሹፌሮቹ ተነሥተው አጨበጨቡልኝ። አወል አንገቴን አቀፈኝ። «አንት ጀግና! በዚያ ዋልካ ሚስትህን አደረስካት አሉ! ዓም ይማም ነገሩን። ኮሮላ ኮሮላ ስትል የነበረው እውነትህን ነው!»

ዓም ይማም ጥግ ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ያማስላሉ። ወደ እኔ አልተመለከቱም። «አይደለም፣ እሳቸው ናቸው ያደረሷት» ማለት ነበረብኝ። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው። አፌ ድረስ መጣ። ከዚያ የሰዉን ዓይን አየሁ፤ አንድ ቀን እንኳ እንዲያ አይተውኝ አያውቁም። «አልሐምዱሊላህ» ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ አድርጌ ነው የሰረቅሁት።

ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ሲያገኙኝ ስለዚያ ቀን የተናገሩት ይህን ብቻ ነው፦ «ኮሮላህ ጥሩ መኪና ናት። የእኔዋ የምትገፋው በኋላ እግሯ ነው፤ ለዚህ ነው ጆንያውን ኋላዋ ላይ የምጭንላት። ያንተዋ የምትስበው በፊት እግሯ ነው። ኋላዋን ስትጭናት ፊቷ ይንሳፈፋል፤ መሪም አትሰማም። ያንተዋን ከኋላ አቅልላት፣ በቀስታ ያዛት፤ ከፔጆ አታንስም።» ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ቢያሾፉብኝ እጣላቸው ነበር፤ ነገሩም ይቀልልኝ ነበር። እሳቸው ግን መኪናዬን አመሰገኑልኝ። ያን ቀን ከመቼውም በላይ ጠላኋቸው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እንዳሉኝ አድርጌ ነው የምነዳው።

ራህማ ግን አትተወኝም ነበር። «ምነው አትናገርም?» ትለኝ ነበር። «አንቺስ?» ስላት «እኔንማ ዝም በይ ብለውኛል» ትላለች። በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ካርቱም ጦርነቱ ተነሥቶ ከተማው በተፈናቃይ ሲሞላ፣ ነዳጅ እንደ ወርቅ ሲጠፋ፣ ዓም ይማምም ዓይናቸው ሲደክም፣ ፔጆዋ ደጃቸው ኒም ዛፍ ሥር ቆመች። ልጄን ይዤ ሳልፍ «ሂክማ ከድር!» ብለው ይጠሯታል። እሷም እየሮጠች ትሄዳለች። በዚያም ቀናሁ። እኔን እንደዚያ ሮጣ አትመጣልኝም።

ከኒው ሀልፋ ስመለስ ራህማ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ፋቲሃ ብቻ አድርሰህ እንዳትመለስ» አለች። «እሳቸው ሞተዋል። ዝም በይ የሚለኝም የለም። ዛሬ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።»

ዓም ይማም ደጅ ሐዘንተኛው ከድንኳኑ ተርፎ መንገድ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቷል። እጃችንን ዘርግተን ለሟቹ ፋቲሃ ቀራን። አጠገቤ ከካርቱም የመጣ አንድ የማላውቀው ሰው ፔጆዋን እያየ «ይህች ከዋልካ ትወጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አወል ወዲያው ተቀበለው። «ትወጣ ነበር። ግን ይኼን ሰውዬ ታየዋለህ? ይኼ ከድር በኮሮላ፣ በከሪፍ፣ ሚስቱ ምጥ ይዟት አሻግሯታል! ዓም ይማም ራሳቸው ናቸው የነገሩን።» ሰውዬው በአክብሮት አየኝ። ያ የሰዉ ዓይን፣ ዘጠኝ ዓመት የበላሁት ዓይን።

አልቻልኩም። አወልን በክንዱ ይዤ ፔጆዋ አጠገብ ወሰድኩት።

«አወል፣ ውሸት ነው። ሚስቴን እኔ አይደለሁም ያደረስኳት። ቦይ ውስጥ ከተትኳት። እሳቸው ናቸው ያወጧት፣ እሳቸው ናቸው ያደረሷት። እኔ ጆንያ ኋላ ጭኜ...»

አወል ጫማውን ተመለከተ። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ትራክተር ኮሮላህን ከቦዩ ጎትቶ ዶካ ሲያመጣት እዚያው ነበርኩ እኮ። ጆንያውንም አይተናል። ወላሂ የዚያን ምሽት ልንስቅብህ ተዘጋጅተን ነበር። ዓም ይማም መጡና ‹ከድር ልጁ የተወለደችለት ቀን ነው፤ አባትነቱን መሳቂያ ሆኖ አይጀምር። እሱ ነው ያደረሳት በሉ፤ ለእኔ ስትሉ› አሉን።»

«እነማንን?»

«ሁላችንንም።»

መኪና ተራውን በሙሉ። እነዚያን የሰው ጫማ ሲቀደድ እንኳ ዓመት የሚስቁትን። ጭብጨባው፣ ጀግና ማለቱ፣ ሁሉም ለእሳቸው ሲባል የተደረገ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አንድም ሰው ቃል አላመለጠውም። እኔ ደግሞ ለኮሮላዬ ያላቸው ክብር መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ሻይ ስጠጣ ኖሬያለሁ።

«አንተም ዝም አልክ?» አልኩት። «አንተ? ሬዲዮው?»

«ለእኔ ስትሉ አሉና።»

እጄን ፔጆዋ ኮፈን ላይ አሳረፍኩ፤ ፀሐይ ስትመታው የዋለ ስለሆነ ያቃጥላል። እኔ ብሞት አወል ስለ እኔ ለዘጠኝ ደቂቃ ዝም እንደማይል አውቃለሁ።

«በል አሁንማ ሞተዋል» አልኩት። «ግባና እውነቱን ንገራቸው። አውራው።»

አወል ራሱን ነቀነቀ።

«አይሆንም» አለ። «ሲሞቱ ተናገሩ አላሉንም።»